ከበረሃ አገር ለተመለሰ ብስክሌት፦ በመሃል አዲስ አበባ ያለች አንዲት ጥገና ቤት

ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ፣ ከዋናው አስፋልት ጥቂት ገባ ብላ የምትገኝ አንዲት ጠባብ የብስክሌት ጥገና ቤት አለች። በሯ ላይ ስም አልተጻፈም፤ የሚያስታውቃት ከደጃፏ የተሰቀለው አሮጌ ቸርኬ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲሠሩ ኖረው ብስክሌታቸውን ይዘው ለተመለሱ፣ እንዲሁም ብስክሌታቸውን ይዘው ወደዚያ ለመሄድ ለሚሰናዱ ሰዎች፣ በመሃል ከተማው ከዚህች ቤት የተሻለ አገልግሎት አላገኘሁም። ሌሎቹ ሥራ አያውቁም ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቹ የተጣመመ ቸርኬ በማቃናትና ማርሽ በማስተካከል የተካኑ ናቸው። የዚህች ቤት ባለቤት የሚለዩት ሙቀት፣ አሸዋና ጨው በብስክሌት ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ጠንቅቀው በማወቃቸውና፣ ጉዳቱን በዓይናቸው ለማየት እስከ መጨረሻዋ ኩሽኔታ ድረስ በመፍታታቸው ነው።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት በበረሃ አገር ብስክሌት መንዳት ምን እንደሚመስል ማወቅ ይገባል። እኔ ለሥራ ዱባይ በኖርኩባቸው ዓመታት ብስክሌት ከመንዳት አልቦዘንኩም። የዚያን አገር ሙቀት ክብደት ለመገመት፣ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ባለው ጊዜ ሠራተኞች በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6፡30 እስከ 9 ሰዓት ድረስ ፀሐይ ላይ እንዳይሠሩ የሚከለክል መሆኑን ማሰብ ይበቃል። በእነዚያ ወራት ደጅ ወጥቶ መንዳት የሚፈልግ ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ፣ ፀሐይዋ ከፍ ሳትል ወደ ቤቱ መመለስ አለበት። በባሕሩ ዳርቻ ግን ሌሊቱም እፎይታ የለውም፤ አየሩ በእርጥበት ስለሚሞላ ላብ ሳይተን ሰውነት ላይ ይቀራል፤ ያልተነነ ላብ ደግሞ ሰውነትን አያቀዘቅዝም። ስለዚህ አብዛኛው ብስክሌተኛ እነዚያን ወራት የሚያሳልፈው ብስክሌቱን ቤት ውስጥ በማይንቀሳቀስ መቆሚያ ላይ አስሮ በመንዳት ነው። ይህ ልማድ ለብስክሌቱ ምን እንደሚያተርፍለት ወደ በኋላ እናገራለሁ።

ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለው ወቅት ግን የብስክሌተኛ ወቅት ነው። ናድ አል ሼባ በተባለው ሠፈር 4፣ 6 እና 8 ኪሎ ሜትር የሚዞሩ፣ ሌሊት መብራት የሚበራባቸው የብስክሌት መንገዶች አሉ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በአል ቁድራ በረሃ ደግሞ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ መኪና የማይደርስበት መንገድ ተዘርግቷል። በዚያ መንገድ ላይ ጎህ ሲቀድ ሚዳቋና ሳላ ሲያቋርጡ ማየት የተለመደ ነው። ሸማል የሚባለው ነፋስ በነፈሰ ማግሥት ግን አሸዋው መንገዱን ያለብሰዋል፤ በአሸዋው ላይ ያለፈ ሰንሰለትም የአሸዋውን ደቃቅ ይዞ ወደ ቤት ይገባል። እንዲህ ያለ መንገድ አዲስ አበባ ላይ ቢኖር ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ አሁን በኮሪደር ልማቱ ከአራት ኪሎና ከፒያሳ ጀምሮ የተሠሩትን የብስክሌት መስመሮች ሳይ ምኞቴ በከፊል እንደ ሠመረ ይሰማኛል።

ብስክሌቴን ይዤ ስመለስ ላዩን ላየው አዲስ ይመስል ነበር። በበረሃ አገር ጭቃ የለም፤ ፍሬሙን የሚቧጭር ጠጠር ያለበት መንገድም ጥቂት ነው። ቀለሙ እንደ ተገዛበት ቀን ያብረቀርቃል። አስቀድሞ የተመለከተው ሌላ ጥገና ቤትም ይህንኑ መልክ አይቶ፣ በውኃ አጥቦና ሰንሰለቱን ዘይት ቀብቶ፣ የሙሉ ሰርቪስ ዋጋ አስከፍሎ መለሰልኝ። ነገር ግን የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥቼ መሪውን በቀስታ ሳዞረው፣ ልክ መሃል ላይ ሲደርስ እንደ መቆለፍ ይል ነበር፤ ይህም የመሪው ኩሽኔታ በአንድ ቦታ መበላቱን የሚናገር ምልክት ነው። ወደዚህች ቤት የሄድኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ባለቤቱ፣ ተለማማጆቻቸው «ጋሼ» እያሉ የሚጠሯቸው፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ብስክሌቱን ተቀብለው ከመቆሚያው ላይ ከሰቀሉት በኋላ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ሞዴሉም ሆነ ስለ ተሠራበት ዓመት አልነበረም። «ቤት ውስጥ አቁመህ ትነዳው ነበር?» አሉኝ። አዎ ባልኳቸው ጊዜ አንዱን ተለማማጅ ጠርተው የመሪውን መጠቅለያ እንዲፈታ አዘዙት። ብስክሌት በቆመበት ሲነዳ የሚያደርቅ ነፋስ ስለሌለ ላቡ በቀጥታ መሪውና የመሪው ቡሎኖች ላይ ይንጠባጠባል፤ በመጠቅለያው ሥር ሰርጎ ይገባል፤ ውኃው ሲተን ጨው ይቀራል፤ ጨውና እርጥበትም አሉሚኒየምን ይበላሉ። መጠቅለያው ሲፈታ የታየው ይኸው ነበር፤ እጅ በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ነጭ ዱቄት ተከማችቷል። ባለቤቱ ዱቄቱን በጨርቅ ጠርገው፣ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ፈትገው፣ ከዚያም ዓይናቸውን ወደ መብራቱ አቅርበው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳሰሱት። ጥፍራቸው ሁለት ቦታ ላይ ተያዘ። «በዚህ ወደ እንጦጦ ብትወጣ እንኳ ቁልቁለቱን አላምነውም» ብለው መሪው እንዲቀየር ወሰኑ። የተበላውንም ቦታ እኔው በጥፍሬ እንድዳስሰው አደረጉ። ለደንበኛ ማስረጃውን እንዲህ በእጁ የሚያስይዝ ባለሙያ የከፈልኩትን ገንዘብ እንድረሳ አድርጎኛል።

ከመሪው በታች ያለው ኩሽኔታ ሲወጣ ግራሶው ወደ ቡናማ ውኃ ተለውጦ ነበር። ባለቤቱ በሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብበው ተመሳሳዩን ከመሳቢያቸው አወጡ፤ የላይኛውን ደግሞ ፈትተው አጥበው፣ ደኅና መሆኑን ካዩ በኋላ አዲስ ግራሶ ሞልተው መለሱት። ደኅና የሆነውን ዕቃ ቀይረው ዋጋ መጨመር ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም።

የሰንሰለቱ ነገር ደግሞ የአሸዋ ነገር ነው። የባሕረ ሰላጤው አሸዋ ደቃቅ ከመሆኑ የተነሣ ከዘይት ጋር ተደባልቆ የሚፈጥረው ቅባት ብረትን እንደ ሞረድ ይበላል። ባለቤቱ ሰንሰለቱን በነጭ ጋዝ ካጠቡት በኋላ ጋዙን በጣሳ ውስጥ አሳርፈው ከሥሩ የቀረውን አሳዩኝ፤ ለዓይን የላመ ዱቄት የሚመስለው ነገር በሁለት ጣት መካከል ሲታሽ ይሻክራል። በሰንሰለት መለኪያውም ሲለካ መዘርጋቱ ከ0.75 በመቶ አልፎ ነበር። እንደ እኔው ያለ ከኋላ 11 ማርሽ የተደረደረበት ብስክሌት ሰንሰለቱን መቀየር ያለበት 0.5 በመቶ ላይ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የተዘረጋው ሰንሰለት የማርሹን ጥርሶችም ይዞ ይበላል። ስለዚህ ሰንሰለቱና የኋላው የማርሽ ስብስብ አብረው ተቀየሩ። ጎማዎቹ በጎናቸው ላይ በፀሐይና በሙቀት ብዛት ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አውጥተው ነበር፤ የውስጥ ጎማ በሌለበት ጎማ ውስጥ ቀዳዳ እንዲደፍን የሚጨመረው ፈሳሽም ደርቆ እንደ ቆዳ የሚላጥ ሆኖ ተገኘ። ይህ ፈሳሽ በመደበኛ አየር ለወራት የሚቆይ ሲሆን በሙቀት አገር ቶሎ ይደርቃል፤ ብዙ ሰው ግን ጎማው ነፋስ እስከ ያዘ ድረስ ፈሳሹ ያለ ይመስለዋል።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ጉዳይ ብስክሌቱን ለአዲስ አበባ ማሰናዳት ነው፤ በእኔ ግምት የዚህች ቤት ሙያ ከሁሉ ይበልጥ የታየውም በዚህ ነው። ዱባይ ሜዳ ነው። በዚያ የተገዛ የመንገድ ብስክሌት ፊት ለፊቱ ትልልቅ ማርሽ፣ ከኋላው ትንንሽ ማርሽ ይኖረዋል፤ የእኔው ከፊት 52 እና 36፣ ከኋላ ከ11 እስከ 28 ጥርስ ነበር። በዚህ ማርሽ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት መውጣት የጉልበት ቅጣት ነው። እኔ ከኋላ እስከ 34 የሚደርስ እንዲገጠምልኝ ጠየቅኩ። ባለቤቱ ግን የኋላውን ማርሽ ቀያሪ እጀታ፣ ማለትም ሰንሰለቱን ወጥሮ የሚይዘውን ክንድ፣ ርዝመት ተመልክተው ይህ እንደማይሆን አስረዱኝ፤ አጭር እጀታ ያለው፣ ሺማኖ የተባለው የብስክሌት ዕቃ አምራች 105 ብሎ የሚሸጠው ቀያሪ የሚችለው እስከ 30 ጥርስ ሲሆን፣ 34 የሚፈልግ ሰው ባለረጅም እጀታውን መግዛት አለበት። ሁለት መንገድ አቀረቡልኝ፤ አንደኛው ባለ 30ውን ገጥሞ የፊቱን ወደ 50 እና 34 ዝቅ ማድረግ፣ ሁለተኛው ቀያሪውን ጭምር መለወጥ። የሁለቱንም ዋጋ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈው ሰጡኝና ምርጫውን ለእኔ ተዉልኝ። ሁለተኛውን መረጥኩ። ሰንሰለቱም ለትልቁ ጥርስ እንዲበቃ ረዘም ተደርጎ ተቆረጠ፤ ይህን የሚዘነጋ ጥገና ቤት ማርሽ ቀያሪውን በአንድ ዳገት ሊያሰብረው ይችላል።

ስለ ፍሬን ሲሆን መጀመሪያ የሚያጣሩት ውስጡ ያለው ዘይት ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። የሺማኖ ፍሬኖች የማዕድን ዘይት ይጠቀማሉ፤ ስራም የተባለው ሌላው አምራች በሚሠራቸው በብዙዎቹ ፍሬኖች ውስጥ ያለው ግን ዶት የሚባለው፣ ከአየር እርጥበት የሚስብ ፈሳሽ ነው። አንዱን በሌላው መተካት የፍሬኑን ላስቲክ ያበላሻል። በባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ ለዓመታት የቆየ ዶት ውኃ ስለሚጠጣ የሚፈላበት ሙቀት ዝቅ ይላል፤ በሜዳ አገር ይህ አይታወቅም፤ ፍሬን ተይዞ ለረጅም ጊዜ ቁልቁል በሚወረድበት ከተማ ግን አደጋ ነው። የእኔው ሺማኖ ስለነበር ዘይቱን ቀይረውና አየሩን አውጥተው፣ አሸዋ የተሰነቀረበትን የፍሬን ሸራም በአዲስ ተክተው ጨረሱ።

ሥራውን የፈተንኩት በከተማው ዳገት ላይ ነው። ከጥገና ቤቷ ወደ ፒያሳ፣ ከዚያም በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አድርጌ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ወጣሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርን ያለፈች ከተማ ናት፤ እንጦጦ ላይ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይደርሳል። ከባሕር ጠለል የመጣ ሰው በዚህ ከፍታ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ስለዚህ ዳገቱን የወጣሁት በአዲሱ ማርሽ ቸርነት ነው ማለት ይቻላል። ማርሹ በከባድ ጉልበት ላይ እያለ እንኳ ሳይንገጫገጭ ይለወጣል። በቁልቁለቱ ላይ መሪው ከእጄ ሳይታገል የሄድኩበትን መስመር ያዘ፤ ፍሬኑም ከሽሮ ሜዳ ቁልቁለት መጨረሻ እንደ መጀመሪያው ጠንካራ ነበር። የሸማኔ ሱቆቹ ጋ የሚበዛውን እግረኛ ለማሳለፍ ደጋግሜ ስቆም አንድም ጊዜ አልጮኸም።

ብስክሌቴን ልወስድ በሄድኩበት ዕለት አቡ ዳቢ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ ያገኘች አንዲት ወጣት ነርስ ብስክሌቷን በካርቶን ልታስጠቅል መጥታ ነበር። «ጋሼ፣ እዚያ ሄጄ ብገዛ አይሻልም ይላሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ልጄ፣ የለመድሽው ብስክሌት ካለ ይዘሽው ሂጂ፤ አዲስ አገር ላይ አንድ የምታውቂው ነገር ይኑርሽ» አሏት። ከዚያም እያንዳንዱን ሥራ እያሳዩ አሸጉላት፤ የግራው ፔዳል በተቃራኒው አቅጣጫ እንደሚፈታ፣ ማርሽ ቀያሪው ተፈትቶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከፍሬሙ ጋር መታሰር እንዳለበት፣ ቸርኬ የሚወጣበት ቦታ በጉዞ ላይ እንዳይጨፈለቅ በመካከሉ እንጨት እንደሚገባበት። በመሪው ቡሎኖች ሁሉ ላይ ግራሶ ቀቡ፤ የላብ ጨው ብረቱን እንዳያጣብቀው መከላከያው እርሱ ነው።

እኔም ከልምዴ የማውቀውን አካፈልኳት፤ ወደዚያ ለሚሄድ ለማንም ቢሆን ይህንኑ እላለሁ። አቡ ዳቢ ለብስክሌተኛ የምትመች ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር የብስክሌት ከተማ የሚለውን ዕውቅና አግኝታለች፤ አል ወስባና ሁደይሪያት የተባሉት ቦታዎችም ለብስክሌት ብቻ የተሠሩ መንገዶች አሏቸው። ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሹ የተትረፈረፈ ስለሚመስለው ከአቅሙ በላይ ሊነዳ ይፈልጋል፤ ሳንባው ቢችልም ሰውነቱ ግን ሙቀቱን ገና አልለመደም። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የደም ፈሳሽ መጠን ይጨምራል፤ ላብ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፤ ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። እስከዚያ ድረስ አጭርና ቀስ ያለ መንገድ ይበቃል፤ ውኃ ብቻ ሳይሆን ጨውም መተካት አለበት፤ ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ግራ መጋባት ሲጀምር ወዲያው ወርዶ ጥላ መፈለግ ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣ ባለው ክፍል ውስጥ በ25 ዲግሪ የተሞላ ጎማ 45 ዲግሪ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚጨምር፣ እስከ መጨረሻው ሳይሞሉ ጥቂት ማስቀረት ይገባል። ከቤት ውስጥ ልምምድ በኋላ መሪውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ መጠቅለያውንም በየጊዜው ፈትቶ ከሥሩ ማየት ደግሞ በጣም ርካሹ ጥገና ነው። ነርሷ ይህን ሁሉ ስልኳ ላይ ጻፈች።

ጉድለቶቿንም መናገር ይገባል። ቤቷ ጠባብ ስለሆነች ቁጭ ብሎ መጠበቂያ የለም፤ ባለቤቱ ሥራ ላይ ሳሉ ስልክ አያነሡም፤ ስለዚህ ብስክሌት አለቀ አላለቀ ለማወቅ መሄድ ግድ ነው። ደረሰኝ የሚሰጡት ሲጠየቁ ብቻ ነው፤ ይህ ቢስተካከል ደስ ይለኛል። ከሁሉ የሚያስቸግረው የመለዋወጫ ዕቃ ነው፤ ኩሽኔታ፣ የፍሬን ሸራና መደበኛ ሰንሰለት በእጃቸው አለ፤ ባለረጅም እጀታውን ማርሽ ቀያሪ ለማግኘት ግን ከውጭ የሚመጣ ሰው መጠበቅ ነበረብኝ፤ ሥራው የዘገየውም በዚህ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚያስፈልገው ሰው ከባሕረ ሰላጤው ከመነሣቱ በፊት እዚያው ገዝቶ ቢመጣ ይሻለዋል። በባትሪ የሚሠራ ማርሽ ያለው ብስክሌትና የተሰነጠቀ የካርቦን ፍሬም አይቀበሉም፤ ይህን በግልጽ ይናገራሉ፤ እኔ እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ የማይችሉትን አልችልም ማለታቸው የሚችሉትን እንዳምን አድርጎኛል። ዋጋቸው ከከተማው ርካሽ ጥገና ቤቶች ከፍ ይላል፤ ነገር ግን የጉልበቱ ክፍያ ዱባይ ላይ ለመደበኛ ሰርቪስ ከምከፍለው ከግማሽ ያነሰ ነው፤ ሥራው ደግሞ ከዚያ ጥልቅ ነው።

ከባሕረ ሰላጤው ለእረፍት የሚመጡ ብስክሌተኞች ብዙውን ጊዜ የሚመጡት እዚያ ሙቀቱ በጸናበት በሰኔና በነሐሴ መካከል ነው፤ እዚህ ደግሞ ያ ጊዜ ክረምት ነው፤ ባለቤቱም ከዝናቡ የተነሣ በጭቃ የተጨማለቁ የከተማውን ብስክሌቶች በማጠብ የሚጠመዱበት ወቅት ነው። ሙሉ ፍተሻ የሚፈልግ ሰው ከመስከረም በኋላ ቢሄድ ሰፊ ጊዜ ይሰጡታል። በክረምት መሄድ ግድ ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በር ሲከፈት መድረስ፣ ብስክሌቱ የት አገር እንደተነዳና ቤት ውስጥ ተነድቶ እንደሆነ ሳይጠየቁ መናገር ይጠቅማል። የተፈቱትን ያረጁ ዕቃዎች በከረጢት አድርገው ይመልሳሉ፤ አብሮ የሚሰጠውም ምን እንደተቀየረና ለምን እንደተቀየረ የተጻፈበት የካርቶን ቁራጭ ነው።